የዓርቡ ቁጥር

ቬሴሊንን ያወቅሁት በጭቅጭቅ ነው።

ጥር ነበር፤ ከባህሩ የሚነሳው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከእርጉዞች ክሊኒክ የተቀዳ ደም በበረዶ ሣጥን ይዤ ወደ ሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ስሄድ፣ የተሳፈርኩበት ትሮሊ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ያሉት ቀንዶቹ ከኤሌክትሪክ ሽቦው ወጡና መንገድ መሀል ተገተረ። ሾፌሩ ጓንቱን አጥልቆ ወረደ። ገመዱን እየጎተተ ቀንዶቹን ወደ ሽቦው ለመመለስ ሲታገል አሥር ደቂቃ አለፈ። አላስችል አለኝና በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ እንደርሳለን ወይስ በእግሬ ልሂድ?»

«ምን አስቸኮለሽ? ዓሣ ነው የያዝሽው?»

«ደም ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሣጥኑን አየ።

«የማንን?» አለ።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። እኔም አመለጠኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ፌርማታ ባይሆንም አቆመልኝና በሩን ከፈተ። «ቶሎ በይ፣ ደሙ እንዳይቀዘቅዝብሽ።» «መቀዝቀዙማ ነው የሚፈለገው!» ብዬው ወረድኩ። ደረጃውን ስወጣ ገና እየሳቅኩ ነበር።

ዝላቲና እባላለሁ። በወደብ ከተማዋ ዋርና ውስጥ በአንድ የእናቶች ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በዚያ ዓመት የምንሠራው ጥናት መንታ ባረገዙ ሴቶች ላይ ነበር። መንታ ያረገዘች ሴት አንድ ካረገዘችው ይልቅ በእርግዝና ደም ግፊት የመያዝ ዕድሏ በብዙ ይበልጣል። በሽታው ድምፅ የለውም፤ ዓርብ ደህና ነች የተባለች ሴት ሰኞ ራሷን ስታ ልትንፈራገጥ ትችላለች። ከእንግዴ ልጁ ወደ እናቲቱ ደም የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ የደም ሥር እንዲያድግ ያግዛል፣ ሌላው ያንን ያፍናል። የሚያፍነው ከበዛ አደጋ እየቀረበ ነው። እኔ ሁለቱንም ለክቼ የሚያፍነውን ለሚያግዘው አካፍላለሁ። የሚወጣው አንድ ቁጥር ነው።

አንድ ልጅ ብቻ ያረገዘች ሴት ቁጥሯ ከሠማንያ አምስት ካለፈ ሐኪም ይሯሯጣል። የመንታ እናት ቁጥር ግን ጤነኛ ሆናም ከፍ ሊል ይችላል፤ ልኩ የት እንደሆነ ደግሞ እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ካራስቶያኖቫ ጥብቅ ሕግ አወጡ። ውጤቱ ጥናቱ እስኪያልቅ ይቆለፋል፤ ለሐኪምም ለእናትም አይነገርም። ባልተረጋገጠ ቁጥር ደንግጠን ያልደረሱ ልጆችን ከማህፀን እንዳናወጣ ነው። ብልቃጦቹ ላይ ስም አይጻፍም። ከእናቶቹ አንዷን የሚያውቅ ሠራተኛ ካለ ማስታወቅ አለበት፤ የዚያች እናት ደም ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል።

«የሚከነክናችሁ ነገር ካያችሁ ግን ለእኔ ደውሉልኝ» ይሉን ነበር። «ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በዓልም ቢሆን።»

ከጭቅጭቁ ሁለት ሳምንት በኋላ ያ ሾፌር ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ሆዷ ገና መግፋት የጀመረ ሴት አለች።

«እቺ ናት እንዴ ደም ተሸካሚዋ?» አለችው ሴትዮዋ።

«እሷው ናት። ተጠንቀቂ፣ ትቆጣለች።»

እህቱ ኔቬና ነበረች። ባሏ መርከበኛ ነው፤ እሱ ባህር ላይ ሲሆን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልሳት ወንድሟ ነው። መንታ መሆናቸው ከተነገራት ጀምሮ ሳቅ አልተለያትም። ክንዷን ስትሰጠኝ «እኔን ብቻ ሳይሆን ሦስታችንንም እየቀዳሽ መሆኑን አትርሺ» አለችኝ።

የዚያን ቀን ቬሴሊን በር ድረስ ሸኘኝ። ጃኬቴን ስለብስ እጅጌው ጠፍቶኝ ስፈልግ ይዞ አቀናልኝ፤ ከዚያ እጁን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል።

በየካቲት በሥራ መውጫዬ ሰዓት ይጠብቀኝ ጀመር። መጋቢት አንድ ቀን፣ አገሩ ሁሉ የጸደይን መግቢያ ለማክበር ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ሲያስር፣ እሱም ለእኔ አመጣ። አጠገቤ ቆሞ አንጓዬ ላይ ሲያስር ትንፋሹ እጄን ይነካል።

«ቋጠሮ አትችልም» አልኩት።

«እችላለሁ። እንዳያልቅ ብዬ ነው።»

ያኔ ለፕሮፌሰሯ ማስታወቅ ነበረብኝ። አላስታወቅሁም። ገና ምንም አልተባባልንም፣ ምን ብዬ ነው የማስታውቀው አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ባስታውቅ የኔቬና ቀጠሮ ለሌላ ይሰጣል፣ እሱን የማገኝበትን ምክንያትም አጣለሁ። በዚያ ላይ የሥራ ውሌ በግንቦት የሚታደስ ስለነበር እንከን እንዲገኝብኝ አልፈለግሁም።

ኔቬና ለሦስተኛ ጊዜ ደም የሰጠችው በሚያዝያ አንድ ዓርብ ነው። ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ሆኗታል። እግሯ አብጦ የወንድሟን ጫማ አድርጋ መጥታ ነበር። «የእሱን ጫማ ስሞላው አየሽ? ሌላ ሰው ሞልቶት አያውቅም» ብላ አሳቀችን። የደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሐኪሙን የሚያስደነግጥ ግን አልነበረም። «እረፍት አድርጊ» ተብላ ተሸኘች።

የዚያን ቀን የመጣው የመንታ እናት ደም አንድ ብቻ ነበር። ስም ባይኖረውም የማን እንደሆነ አውቃለሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ቁጥሩን አወጣ።

መቶ አሥራ ሰባት።

ከአንድ ወር በፊት አርባ ስድስት ነበር። ደግሜ ለካሁት። መቶ አሥራ ስምንት አለኝ።

ስልኩን አነሳሁ። የፕሮፌሰሯ ቁጥር ፊቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ብደውል ይጠይቃሉ። ኔቬናን ያስጠሯታል፤ ኔቬና ደግሞ ምላሷ አያርፍም፤ «የወንድሜ ፍቅረኛ ናት እኮ የምትቀዳኝ» ማለቷ አይቀርም። ከዚያ ለምን አላስታወቅሽም እባላለሁ። ዘጠና ደርሰው በሰላም የወለዱ ሁለት እናቶችን አስታወስኩ። የደም ግፊቷም ያን ያህል አይደለም አልኩ። ሰኞ ሩቅ አይደለም አልኩ። ስልኩን አስቀመጥኩና ውጤቱን ቆለፍኩ።

እሑድ ከቬሴሊን ጋር ባልቺክ ወደምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ሄድን። ከተዋወቅን ጀምሮ ሙሉ ቀን አብረን የዋልንበት የመጀመሪያው ነው። ፀሐዩ ይሞቃል። ጀልባዎቹ አጠገብ ተቀምጠን የተጠበሱ ጥቃቅን ዓሣዎች ሎሚ እየጨመቅን በላን። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ ዝምታ፣ መንጃ ፈቃዱን ሦስት ጊዜ ወድቆ ስለማግኘቱ ነገረኝ። ጣቴ ላይ የቀረውን ዘይት በመሐረቡ ጠረገልኝና እጄን ሳይለቅ ቀረ።

ስልኩ ጃኬቱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየው።

«እህቴ ናት። ስለ ሕፃናቱ አልጋ ልትነዘንዘኝ ነው፤ መቼ ነው የምትገጣጥመው ትለኛለች።»

ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

አንሳው ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ቁጥሩን መናገር አይጠበቅብኝም ነበር፤ «አንሳው፣ ምናልባት አሟት ይሆናል» ብል በቂ ነበር። ከንፈሬ ተላቆም ነበር። እሱ ግን ያን ጊዜ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ሳመኝ። እየሳመኝ ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁት። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከሰዓት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። እየተሳሳቅን ከባህሩ ወደ ከተማው የሚያወጣውን ደረጃ ስንወጣ ነበር፤ አላነሳውም።

ሰኞ ጠዋት ከድንገተኛ ክፍል አስቸኳይ ደም ወረደ። በዚህኛው ላይ ስም ነበረበት። ኔቬና ወጥ ቤቷ ውስጥ ወድቃ ስትንፈራገጥ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ድምፅ ሰምታ ነው ያገኘቻት። ጉበቷ ተጎድቷል፤ ደሟ መርጋት አቅቶታል። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ አስተላለፍኩ። ፎቅ ላይ በኦፕራሲዮን አዋለዷት።

ወንዱ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ሴቷ ስምንት መቶ አርባ ግራም። ኔቬና ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗ ማየት አቆመ፤ ልጆቿን ያየቻቸው ሐሙስ ነው። ሴቷ ደከመች። ስም ሳታገኝ እንዳትሄድ አንዲት ነርስ በማሞቂያው መስኮት እጇን አስገብታ ግንባሯ ላይ ውሃ ነካችና ካሊና አለቻት። ቅዳሜ ሞተች። ወንዱ፣ ቦያን፣ ተረፈ።

ቬሴሊንን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቱ ከላዩ ቆመዋል።

«ስልክ የያዝከው ለጌጥ ነው?» ይሉታል። «ሦስት ጊዜ! ሦስት ጊዜ ደወለች እኮ! የት ነበርክ?»

ከእኔ ጋር እንደነበረ አልነገራቸውም። ሸፈነኝ። እናቱ ሲሄዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረውን አሁንም አልረሳሁትም።

«ባነሳው ኖሮ...» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩ። «ጥፋትህ አይደለም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳልኩት አልቆጠርኩም። እየከሳ ሄደ። ትሮሊውን እየነዳ ፌርማታ ያልፍ ጀመር። «ባነሳው ኖሮ» ይላል፤ «ጥፋትህ አይደለም» እለዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ የመታጠቢያ ቤቱን ውሃ ከፍቼ አለቅሳለሁ። ዓርብ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ እሑድ ዝም ያልኩት ደስታዬን ሳስቼ ነው። ለዚህኛው ዝምታዬ ግን ስም አላገኘሁለትም። ሰውየው የእኔንም ድርሻ ብቻውን ተሸክሞ ሲጎብጥ እያየሁ ነበርና።

የካሊና አርባ ቀን ደረሰ። መቃብሩ ኮረብታ ላይ ነው። ስኳር የተነሰነሰበት የተቀቀለ ስንዴ በትንንሽ ኩባያ ታደለ፤ ቄሱ ጸለዩ፤ ኔቬና ኩባያዋን ሳትነካው ይዛ ቆመች። ሰው ሲበተን ቬሴሊን ወደ ኋላ ቀረ። አብሬው ቀረሁ።

«ሳጥኗን ብቻዬን ነው የተሸከምኳት» አለ። «ምንም አትከብድም። ምንም።»

«ቬሴሊን፣ ዓርብ አውቄ ነበር።»

«ምኑን?»

ነገርኩት። ቁጥሩን፣ ደጋግሜ መለካቴን፣ ስልኩን አንስቼ ማስቀመጤን፣ ለምን እንዳስቀመጥኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«እሑድ ስልኩ ሲጠራ አጠገቤ ነበርሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነበርኩ።»

«እህቴ ናት ስልሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«አርባ ቀን ሙሉ ‹ጥፋትህ አይደለም› ስትዪኝ ከረምሽ። ምን እንደምታውቂ እያወቅሽ።»

ስንዴ የያዘበትን ኩባያ መሬት ላይ አስቀመጠና ኮረብታውን ወረደ። ዞሮ አላየኝም።

በማግስቱ ፕሮፌሰር ካራስቶያኖቫ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከጥናቱ ወጣሁ፤ በፋይሌ ላይ ተጻፈብኝ፤ ወደ ተራው የደም ምርመራ ክፍል ተዛወርኩ። ቅጣቱ ያነሰብኝ መሰለኝ።

በጥቅምት ጥናቱ ተጠናቀቀና የተቆለፈው ተከፈተ። ፕሮፌሰሯ አስጠሩኝ።

«ቁጭ በይ ልጄ። መስማት ይገባሻል። እንደ ኔቬና በሃያ ዘጠነኛው የእርግዝና ሳምንት ቁጥራቸው ከመቶ ያለፈ አሥራ ሦስት እናቶች ነበሩን። አምስቱ ታመሙ። ስምንቱ ምንም ሳይሆኑ ወለዱ።»

«ታዲያ ቁጥሩ...»

«ቁጥሩ ብቻውን አልተናገረም። በአንድ ወር ውስጥ ምን ያህል እንደዘለለ አብረሽ ስታዪው ግን ብዙ ይናገራል። ይህን ያወቅነው አሁን ነው።»

«ብደውልልዎ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

መነጽራቸውን ጠረጉ። «የደም ግፊቷን በየቀኑ አስለካ ነበር። ሽንቷን አስመረምር ነበር። ምናልባት እሑድ እዚህ ተኝታ እናገኛት ነበር። ምናልባት ደግሞ ምንም አይለወጥም። የማላውቀውን ብነግርሽ መዋሸት ይሆንብኛል።»

ያን ቀን ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀለለኝም። ከአሥራ ሦስቱ ስምንቱ ደህና መሆናቸው ስለ ቁጥሩ የሚናገር ነው እንጂ እኔን ነጻ የሚያወጣ አይደለም። ዝም ያልኩት ስምንቱን አውቄ አልነበረም።

በኅዳር ኔቬና መጣች። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ ሳያት የያዝኩትን ብልቃጥ አስቀመጥኩ። ከስታለች፤ ጸጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች። በእጇ የቀረው ደሟ እንዲወገድ የሚሞላ ወረቀት ይዛለች።

«ደሜ ገና እናንተ ጋ አለ?» አለችኝ።

«አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ከፈረምሽበት ይወገዳል።»

«ቬሴሊን ነግሮኛል። ከነገረኝ ቆየ።» ወረቀቱን አጣጠፈችው። «ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ አልመጣሁም፤ አላልኩምና። አንዳንድ ቀን ስምሽን ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን እሑድ ራሴ ሊፈነዳ ነበር፤ ዓይኔ ፊት ብልጭ ብልጭ ይል ነበር። አምቡላንስ መጥራት እችል ነበር፤ ቁጥሩን ማን ያጣዋል? አልጋ ላይ ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። ባሌ ሳይመጣ ሆስፒታል አልገባም አልኩ። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፤ አይሰማኝም።»

«ኔቬና...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እናቴ ትወቅሰዋለች፣ እሱ ራሱን ይወቅሳል፣ እኔ ራሴን። ቤታችን ገብተሽ ብታዪ ሰው ሁሉ በየጥጉ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። ቦያን መሀል ላይ ብቻውን ይስቃል።» ወረቀቱን ቀደደችው። «ደሙን ተጠቀሙበት። ለሌላዋ ይጥቀም።»

በሳምንቱ እሑድ፣ ረፋድ ላይ፣ ቬሴሊን ቤቴ በር ላይ ቆሟል። ስድስት ወር ሆኖናል ሳንተያይ። ግባ አልኩት። ወጥ ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ከዓርብ ጀምሪና ንገሪኝ» አለ። «ሰዓት በሰዓት። እንዳትቀንሺ፣ ራስሽንም አታክፊ።»

ነገርኩት። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እኔም ያልነገርኩሽ አለ» አለ። «ለማንም ያልነገርኩት። ያን እሑድ ጠዋት፣ አንቺን ሳልወስድ በፊት፣ መልእክት ልካልኝ ነበር። ‹ራሴን በጣም አሞኛል፣ ብቅ በል› ይላል። አንብቤዋለሁ። ብሄድ ቀኑ ይበላሻል ብዬ ያላየሁ መሰልኩ። ስለ አልጋው ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ለምን እንደምትደውል አውቅ ነበር።»

እነዚህን ሁሉ ወራት ባልተነሳ ጥሪ ስም ሲያለቅስ የነበረው ለዚህ ኖሯል።

ጥፋትህ አይደለም አላልኩትም። እሱም ለእኔ አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ቃል ተባብለን አናውቅም። ጃኬቱን አወለቀ። ሾርባ አሞቅሁ፤ ሁለታችንም አልበላንም፤ ቀዝቅዞ እስኪረጋ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

«ነገስ?» አለኝ ሲነሳ።

«ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።»

«እመጣለሁ» አለ።

መጣ። ከነገ ወዲያም መጣ።

በሰኔ ተጋባን፣ ሠርግ ሳንደግስ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ። እናቱ ጥቁራቸውን አላወለቁም፤ ግን መጡ። ምስክር ሆና የፈረመችው ኔቬና ናት። ስትፈርም አላየችኝም። እስክሪብቶውን ካስቀመጠች በኋላ ግን ወደ እኔ ዞረች፣ ጉንጬን ሳመችኝና በጆሮዬ፣

«ወንድሜን አደራ» አለችኝ።

ያቺ ቃል ይቅርታ ትሁን ሸክም፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። አደራውን ይዣለሁ።